ጅቡ የሚያስልበት አውታር

ልጅ ሳለሁ በገና የሚደረደረው ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰው ዜማ የሚማረው እንዲሰማለት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ቤታችን የነበረው በገና አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፣ ያም ሥራ የታላቅ ወንድሜን ሳል መሸፈን ነበር።

ቤታችን ደሴ፣ ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ በሚያወጣው መንገድ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተሠሩት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ሰው ሲያዛጋ ከወዲህ ይሰማል። ከወዲያ በኩል የሚኖረው ደግሞ ሰይድ ነው። ሰይድ የቀበሌያችን ጥበቃ ነበር። ካኪውን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ሲገባና ሲወጣ ጫማው ኮረኮንቹን ሲፈጨው፣ እናቴ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ ታማትብ ነበር። ክፉ አድርጎን አያውቅም። ግን ያኔ ሰውን ለመፍራት ክፉ እስኪያደርግ አይጠበቅም፤ ጠመንጃው ይበቃል።

የምንፈራው ለወንድሜ ለአራጋው ነው። አራጋው ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠራ ነበር። የደርግ የውትድርና አፈሳ ሲበረታ፣ ወጣቱ ከገበያም ከሥራ ቦታም እየተለቀመ መኪና ላይ ሲጫን፣ የሐረጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ አንድ ማለዳ ቤታችን ገባ። እናቴ ከጓዳው በላይ ወዳለው ቆጥ አወጣችውና ከማገዶውና ከባዶው ጆንያ ኋላ አስተኛችው። እዚያው ሰነበተ። ረሃቡንም፣ መታጠፉንም፣ አለመናገሩንም ችሎ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ አልቻለም፤ ሳሉን። የብየዳው ጭስ ይሁን የሐረጎ ብርድ እግዜር ይወቀው፣ ጀንበር ጠልቃ ጉም ሲወርድ ከደረቱ የሚነሣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ጨርቅ ይነክሳል፣ ፊቱን ጆንያ ውስጥ ይቀብራል፤ ሳል ግን እንደ ሰው አይታዘዝም። ቀን ቀን ሰይድ ሥራ ላይ ነው፣ መንገዱም ጫጫታ ነው። የሚያስፈራው ምሽቱ ነበር።

መላውን ያመጡት አባባ ይመር ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አባቴ ከሞተ ወዲህ አብረውን የሚኖሩ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ሥራቸው በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ፣ ጾም ሲገባ ደግሞ መጋዛቸውን አስቀምጠው በገናቸውን ከምስማሩ የሚያወርዱ ሰው። አንድ ምሽት አራጋው ሲያስል፣ ከግድግዳው ወዲያ የሰይድና የሚስቱ ወሬ ድንገት ተቋረጠ። ጸጥ አሉ። እኛም ጸጥ አልን። ሁለት ቤት ትንፋሹን ይዞ ሲደማመጥ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። በማግስቱ አባባ ይመር ጠሩኝና በገናውን ከፊቴ አቆሙት።

«እርስዎ ራስዎ አይደረድሩም?» አለቻቸው እናቴ።

«የኔን ጣት ቁርጥማት ጨርሶታል። ደግሞም የሚችል ሰው መዝሙሩን ጨርሶ ያቆማል። ተማሪ ግን ምሽቱን ሙሉ አንዷን ነገር ሲነካካ ቢያመሽ ማንን ይገርመዋል?»

እኔ ግን መጥፎ ተማሪ ሆንኩ። ተቀምጬ ስይዘው በገናው ከራሴ በላይ ይወጣል፤ ከበግ አንጀት የተገመዱት አውታሮች ጣቴን ይበሉታል። የደሴ ጉም ደግሞ አውታር ያረጥባል፤ በየምሽቱ ከፍሙ አጠገብ አሙቀን እንደገና መወጠር ነበረብን። ከሁሉ የባሰው ፍርሃቱ ነው። ትንሽ ስነካ አቆምና ጆሮዬን ወደ ግድግዳው እጥላለሁ፤ ሳሉም እኔ ያቆምኩባትን ቅጽበት ጠብቆ ይመጣል። እናቴ ከኋላዬ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች። «ንካው! ምን ያስቆምሃል? ወንድምህን ልታስበላው ነው?» ትለኛለች በሹክሹክታ። ስታስፈራራኝ ጣቴ ይደርቃል፤ ጣቴ ሲደርቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ድምፁ ሲጠፋ ቁንጥጫው ይብሳል። እየዋለ ሲያድር በገናውን ገና ሳየው ወደ ደጅ መሸሽ ጀመርኩ። ሰፈር ውስጥ ከልጆች ጋር ስጫወት ፀሐይ በኩታበር በኩል ስታዘቀዝቅ ካየሁ፣ ጨዋታው ከእጄ ይወድቃል።

«የሺ፣ ተይው» አሏት እናቴን አንድ ቀን አባባ ይመር። «እንዲህ እየቆነጠጥሽው ጣቱ ከየት ይፍታታ? ለኔ ስጪኝ።»

ያን ምሽት በገናውን አላስያዙኝም። ኩራዙን ዝቅ አድርገው፣ ፍሙን በእንጨት ጫር ጫር አድርገው፣ ስለ አንድ ጅብ ማውራት ጀመሩ። ጅቡ እዚሁ ከበላያችን፣ ጦሳ ላይ ይኖር ነበር። ታች ገራዶ ሰርግ አለ ሲባል ሰምቶ ሳይጠራ ወረደ፤ ካገኘው ሥጋ ሁሉ ጎረሰና ደስታውን መቻል አቅቶት ሲጮህ ሲጮህ አድሮ፣ ድምፁን እዚያው ጥሎት ተመለሰ። ጠዋት አፉን ቢከፍት የሚወጣው ሳል ብቻ ሆነ። ድምፅ የሌለውን ጅብ ማን ይፈራዋል? አህዮቹ እንኳ «እንዴት አደሩ ጋሼ? ሻይ በዝንጅብል ይጠጡበት እንጂ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። ጅቡ አፈረ። ድምፁን ፍለጋ ሊነሣ ቆረጠ።

እዚህ ላይ አባባ ይመር ተረቱን አቆሙት።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ? ጅቡ ገና ከዋሻው አልወጣም። አንተ ካላስኬድከው ማን ያስኬደዋል?» አሉና ጣቴን ከወፍራሙ አውታር ላይ አስቀመጡት። «ይህ የጅቡ እግር ነው። ያ ቀጭኑ የጦጣዋ ሳቅ ነው። እስቲ ከዋሻው አውጣልኝ።»

እናቴ አማተበች። «ኧረ አባባ! በዳዊት በገና ጅብ?»

«ዳዊት በግ ጠባቂ አልነበረም? ታዲያ ጅብ ሳያውቅ ነው በግ የጠበቀው?»

እናቴ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር። ቆጡ ላይ ያለው ጆንያም ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አራጋውም እየሳቀ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጅቡን የማስኬደው እኔ ሆንኩ። ስሳሳት «ተሳሳትክ» ብለውኝ አያውቁም። «ዛሬ ጅቡ እሾህ ረግጧል፣ ያነክሳል» ይሉኛል፤ አስተካክዬ ስነካ «እሰይ፣ ወጣለት» ይላሉ። ጦጣዋ ከዛፍ ላይ ስትስቅበት ቀጭኑን እነካለሁ፤ ጅቡ ተናዶ ሲዞር ወፍራሙን። ተረቱን የሚያቆሙት ሁልጊዜ እኔ ገና ሳልጠግብ ነው። «በቃ፣ ጅቡ ደከመው፣ ተኛ» ይላሉ። እኔ አልደከመኝም እያልኩ ስለምናቸው በገናውን ከእጄ ይወስዱታል። ታዲያ በማግስቱ ማንም ሳያዘኝ የጅቡን እርምጃ በጉልበቴ ላይ በጣቴ ስመታ እውል ነበር፤ የፈራሁት ምሽት ቶሎ አልመጣም ብዬ እነጫነጭ ጀመር።

ለሳሉም ቦታ አበጁለት። ከቆጡ ላይ አንድ ትርፍ አውታር አውርደው ጫፉን አውራ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። አራጋው ሌላውን ጫፍ ይዞ ሳሉ ሲመጣበት ይስበዋል፤ እሳቸው ደግሞ ተረቱ የትም ይድረስ «ጅቡ ድምፁን ሊሞክር ነው!» ይላሉ። ያኔ እኔ ወፍራሞቹን አውታሮች ባለኝ ጉልበት እደረድራለሁ። እንዝራ የሚባሉት፣ ከአውታሩ ሥር የሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች፣ ድምፁን እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርሙታል፤ ግድግዳው አብሮ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ጉርምርምታ ሥር ወንድሜ እንደ ልቡ ያስላል። ደስ ይለኝ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልሄደም፤ ተረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ እንጂ። ከእያንዳንዱ ሳል በኋላ ጅቡ ቆም ብሎ ዙሪያውን ያያል፣ ሰው ሰምቶት እንደሆነ። እኔም ግድግዳውን አያለሁ።

ሁዳዴው እንዲህ አለፈ። በጾም ምሽት በገና ቢሰማ ማንም ቁም ነገር አይለውም። ፋሲካ ሲመጣ ግን ነገሩ ተበላሸ። በኛ ዘንድ በገና የጾም ነው፤ ፋሲካ ሲሆን ልብሱን ለብሶ ይሰቀላል። በፍስክ በገና የሚያወርድ ሰው ወይ ከባድ ነገር ገጥሞታል ወይ አእምሮው ነክቷል ይባላል፤ ይህን በኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቀዋል። በክራር እንዳንተካው የክራር ድምፅ ቀጭን ነው፣ ሳል አይሸፍንም። ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰህ» ሲባባል፣ እኛ ቤት ቀኑ እንዳይመሽ ይጸለይ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ምሽት ሳሉ አልቆም አለ። አባባ ይመር ወደ እመቤታችን ሥዕል ዞረው በከንፈራቸው ብቻ የሆነ ነገር አሉ። ከዚያ ተነሥተው በገናውን አወረዱት። እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ በበዓለ ሃምሳ? ሰው ምን ይላል?»

«ጥፋቱ በኔ ይሁን። ሳሉን ከሚሰሙ በገናውን ይስሙ።»

ያን ምሽትም በማግስቱም ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ምሽት ገና ጥቂት እንደነካሁ የሰይድ በር ሲከፈት ሰማን። ጫማው ኮረኮንቹን ፈጨው። ርቆ አልሄደም፤ እኛ በር ላይ ቆመ።

«ቤቶች!»

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉ አባባ ይመር።

ጠመንጃውን እንዳነገተ ጎንበስ ብሎ ገባ። የኩራዙ ነበልባል ከበሩ ንፋስ ጋር ተንበረከከና ጥላው ግድግዳውን ሞላው።

«አባ ይመር፣ እንዴት አመሹ? ምነው፣ ፋሲካ አላለፈም እንዴ?»

«አለፈ እንጂ። እንኳን በደህና አለፈ።»

«ታዲያ በገናውን ምነው አላሳረፉትም?»

«ልጁ ወደደውና… ተው ብንለው እምቢ አለ።»

ሰይድ ወደኔ ዞረ። «አንተ ታዴ፣ ምንድነው የምትጫወተው?»

«ጅቡን» አልኩ።

«እስቲ። በግድግዳ ስሰማው የከረምኩትን ዛሬ ፊት ለፊት ልስማው» ብሎ ዱካው ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

ጅቡን አስነሣሁት። እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ዕለት «እሾህ ረግጧል» ያለኝ የለም። ጥቂት እንደሄደ የአባባ ይመር አውራ ጣት ሲሳብ አየሁ። ሰይድም አየ። ዓይኑ ከጣታቸው ተነሥቶ አውታሩን እየተከተለ እስከ ቆጡ ወጣ። አባባ ይመር «ጅቡ ድምፁን ሊሞክር ነው» አሉ በለሆሳስ። ደረደርኩ፤ አለቀስኩም። ከወዲያኛው ቤት ሆኖ ለሚሰማ የሚበቃው ጉርምርምታ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አይበቃም። አራጋው አሳለ፤ ሁላችንም ሰማን።

ሰይድ መሬት መሬቱን አየ። «ጅባችሁ ጉንፋኑ ጠንቶበታል» አለ።

«አባ ይመር፣ ይስሙኝ። እኔ ሳሉን የሰማሁት ከበገናው በፊት ነው። ሚስቴ ዘምዘምም ሰምታዋለች። ወንድሟ ከታፈሰ ወዲህ ወሬው የለም፤ በሰማችው ቁጥር ታለቅሳለች። እኔን ያመጣኝ ሳሉ አይደለም፣ በገናው ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ዛሬ ‹ያ ሽማግሌ በፍስክ በገና የሚያስነካው ምን አግኝቶት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ስቀሉት። ወላሂ፣ አሁኑኑ ስቀሉት።»

«ሳሉንስ ምን እናድርገው ወንድሜ?» አለች እናቴ።

ሰይድ ከበሩ ላይ ዞር አለ። «የናንተ ጾም ተፈታ፣ የኛ ሊገባ ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላትና ወጣ።

ሲሄድ እናቴ ወጥመድ ነው አለች፤ አባባ ይመር ግን በገናውን ልብሱን አልብሰው ሰቀሉት። ረመዳን እስኪገባ የነበሩትን ምሽቶች አባባ ይመር የበር ሳንቃ ቤት አስገብተው ምስማር ሲመቱ እያመሹ አሳለፍናቸው። አንዳንዴ መዶሻውና ሳሉ ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ፤ ያኔ እናቴ ራሷን ይዛ መሬት ላይ ትቀመጣለች።

ረመዳን የገባ ዕለት ሰዉ ካፈጠረ በኋላ ከወዲያኛው ቤት ድቤ ተመታ። መንዙማ ነበር። ድቤውን ያስቀመጡት ከግድግዳው ሥር፣ ልክ ከአራጋው ትይዩ ነው፤ ሲመታ ምርጉ ከኛ በኩል እየተፈረፈረ ይወርዳል። እናቴ የወደቀውን ጭቃ እየጠረገች «አምላኬ ሆይ፣ ይህን ቤት ጠብቅልኝ» ትላለች፤ የኛን ቤት ይሁን የነሱን እኔ አላውቅም።

ፍተሻውም በዚያው ሰሞን መጣ። ሊቀመንበሩ ከማናውቃቸው ጥበቃዎች ጋር በራችንን ገፍቶ ገባ፤ ሰይድ ከኋላቸው ነበር። በገናው ተሰቅሏል። እኔ ባዶ እጄን ተቀምጫለሁ። አባባ ይመር አውታሩ የተጠመጠመበትን ጣታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ምን ትሠራላችሁ?»

«ለልጁ ተረት እያወራሁለት ነው ጓድ።»

«ቀጥል እንጂ ሽማግሌ፣ እኛም እንስማ» አለ ሊቀመንበሩ እያሾፈ። ባትሪውን በየጥጋጥጉ ያበራል።

አባባ ይመር ቀጠሉ። ጅቡ ገራዶ ወንዝ ዳር ደርሶ ነበር። ድቤው በዚያን ሰዓት ዝግ ብሎ ይመታ ነበር፣ መንዙማው ወደ ዱዓ ሊዞር። የጋቢው ጫፍ ተንቀሳቀሰ። አውታሩ ተሳበ። አባባ ይመር ፊታቸው አመድ መሰለ፤ እኔን አዩኝ፣ እኔ የተሰቀለውን በገና አየሁ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቻቸው በማላውቀው ድምፅ፣

«ጅቡ ድምፁን ሊሞክር ነው!» አሉ።

ከወዲያ በኩል ድቤው ፈነዳ። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ የሰዉ ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሣ፤ ጣሪያው ተንጣጣ። ያን ሁሉ ሁዳዴ ዘምዘም ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣ ከኔ እኩል ተረቱን ስትሰማ ከርማ ኖሯል። አባባ ይመር የትኛውን ቃል ሲሉ ምን እንደሚከተል ታውቅ ነበር።

«ይህን ከበሮ ዝም የሚያሰኝ የለም?» አለ ሊቀመንበሩ ጆሮውን ይዞ።

«ጾም ነው ጓድ» አለ ሰይድ።

አንዱ ጥበቃ እግሩን የቆጡ መሰላል ላይ አደረገ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱን እኔ አይቼዋለሁ» አለ ሰይድ። «ማገዶ ነው። ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ኃላፊነቱ በኔ።»

ሊቀመንበሩ ባትሪውን የሰይድ ፊት ላይ አበራ። «ባንተ?»

«በኔ።»

ድቤው ይመታል። ሊቀመንበሩ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

አራጋው በዚያው ሳምንት፣ የመንዙማው እንግዶች ማለዳ ሲበተኑ፣ የሰይድን ጋቢ ለብሶ የሰይድን ኮፍያ ደፍቶ መሀላቸው ገብቶ ሄደ። ኩታበር ዘመድ ነበረን። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍርሃት ከበፊቱ ባሰ፤ በፊት ሳሉ ሲሰማ ነበር የምንፈራው፣ አሁን ደግሞ ስለማይሰማ። እናቴ ማታ ማታ ባዶውን ቆጥ እያየች ትቀመጣለች። ተያዘ የሚል ወሬ እንዳይመጣ፣ ሰይድም በኛ ምክንያት እንዳይጠየቅ እየተፈራ፣ የበር ኳኳታ በሰማን ቁጥር ሁለቱም ቤት ዝም ይላል።

አንድ ምሽት አባባ ይመር ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ፍሙ አጠገብ ተቀመጡና ጠሩኝ። ከደጅ ሰው ያልፋል፤ ወሬ አይወራም። «ታዴ፣ ጅቡ የት ደርሶ ነበር?» አሉኝ።

«ወንዙ ዳር።»

ድምፃቸውን ወደ ግድግዳው ከፍ አደረጉ። «ወንዙን ተሻገረ። ጅቡ ኩታበር ገባ። ድምፁንም አገኘ።»

እናቴ የያዘችው ሣህን ከእጇ ወደቀ። ከግድግዳው ወዲያ ጥቂት ጸጥታ ሆነና የዘምዘም ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፤ «አልሐምዱሊላህ።»

ዛሬ አራጋው ኮምቦልቻ የራሱ የብየዳ ቤት አለው። እኔም በጾም የሰፈሩን ልጆች በገና አስነካለሁ። እናቶቻቸው እየመጡ «ቤት ውስጥ እምቢ ይለኛል፣ ምን ላድርገው?» ይሉኛል። አትቆጪው፣ ሲሳሳት ጅቡ እሾህ ረገጠ በይው፣ ገና እየፈለገ ሳለ አስቁሚው፣ ነገ ራሱ ያወርደዋል እላቸዋለሁ። ያንኑ ተረት ነው የማወራላቸው። ጅቡ ለምን እንደሚያስል ሲጠይቁኝ ብርድ ነው እላለሁ፤ ይስቃሉ። ሲስቁ ደስ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እነሱ የሚነኩት ሰው እንዲሰማቸው ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ወፍራሙን አውታር ነክቼ ስጨርስ ቶሎ አልነሣም፤ ትንፋሼን ይዤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን አዳምጣለሁ።